የግድግዳው አሻራ ከወረቀቱ አይታጠብ

ወራሪ ጦር በያዘው ከተማ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው የታተመ ትእዛዝ ዕድሜው አጭር ነው። ዝናብ ይበላዋል፣ አዲስ ትእዛዝ ይለጠፍበታል፣ ነዋሪው በጨለማ ይቀደዋል። ስለዚህ ዛሬ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ከማተሚያ ቤት ወይም ከመዝገብ ቤት የተረፈ፣ ግድግዳ ነክቶ የማያውቅ ነው። ሰብሳቢው ግን ይህን ንጹሑን ይመርጣል፤ እኛ የወረቀት ጥገና ባለሙያዎችም የተለጠፈው ሲመጣልን ሙጫውን አጥበን፣ ቀዳዳውን ደፍነን ንጹሑን ለማስመሰል እንፈተናለን። የእኔ አቋም ተቃራኒው ነው፦ ሙጫው፣ የኖራው ብናኝና ቅዳዱ የሰነዱ አካል ናቸው፤ ያለ በቂ ምክንያት መነካት የለባቸውም።

ትእዛዝ ጉልበት የሚያገኘው ሕዝብ ፊት ሲወጣ ነው። የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነትም በአንቀጽ 65፣ ወራሪ ኃይል የሚያወጣው የቅጣት ድንጋጌ ታትሞ በነዋሪው ቋንቋ ሳይገለጽ እንዳይጸና ይደነግጋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን የተያዘችው ብራስልስ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። በኦገስት 1914 ጀርመኖች በሊዬዥ፣ የብራስልስ ከንቲባ ፈረንሳይ ቤልጂየምን ልትረዳ እንደማትችል አሳውቆናል የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ከንቲባው አዶልፍ ማክስ ኦገስት 30 ቀን በራሱ ልጣፍ አስተባበለ፤ የጀርመኑ ገዥም ያለ ልዩ ፈቃዱ ማዘጋጃ ቤቱ እንኳ ምንም እንዳይለጥፍ ከለከለ። ነርሷ ኢዲት ካቬልና ፊሊፕ ቦክ ኦክቶበር 12 ቀን 1915 ንጋት ላይ ሲረሸኑም፣ የዚያን ዕለት ቀን የያዘው ልጣፍ አምስት ሰዎች ሞት እንደተፈረደባቸው፣ በሁለቱም ላይ ፍርዱ እንደተፈጸመ አስታወቀ። የተጻፈው አላፊ አግዳሚውን ለማስፈራራት ነበር። ንጹሕ ቅጂ ገዥው ምን ለማለት እንዳሰበ ይነግረናል፤ የተለጠፈው ግን ቃሉ በእርግጥ ጎዳና ላይ መዋሉን ይመሰክራል። አንዱ በሌላው ላይ የተለጠፉ ወረቀቶች ከሆኑ ደግሞ የቱ ትእዛዝ የቱን እንደተካ ከድርብርቡ ይነበባል።

አሮጌ የዱቄት ሙጫ ነፍሳትንና ሻጋታን ይስባል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው። ለዚህ መልሱ የሚጎዳውን ክፍል ብቻ፣ ወረቀቱ ከፊትና ከጀርባው በጎን ብርሃን ፎቶ ከተነሳ በኋላ፣ ናሙና አስቀርቶ ማንሳት ነው። ቅዳድም በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በኋላ ሊነሳ በሚችል የስታርች ሙጫ ይደገፋል። ሌሎች ደግሞ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ከሰብሳቢ አልበም የመጣ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ይህም ይሆናል፤ ነገር ግን አልበም ብዙውን ጊዜ ማዕዘኖቹን ብቻ ሲይዝ፣ ግድግዳ ጀርባውን ሁሉ ይይዛል፤ ኖራና የጡብ ብናኝም ይተዋል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ሳይታጠብ ከተመረመረ ብቻ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ስትይዝ አዋጆቿን በአማርኛም አትማ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በቤታችሁ ሣጥን ካለ አትጠቡት፣ በፕላስቲክ አታሽጉት፣ ቅዳዱን በፕላስተር አታያይዙት። በንጹሕ ወረቀት መካከል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አኑሩት፤ ከየት እንደተገኘም ጽፋችሁ ለቤተ መዛግብት ባለሙያ አሳዩት።