«ሮዶፕሲን»፦ በፍቺ ይመለስ ወይስ በውሰት ይያዝ?

ፍራንዝ ቦል እ.ኤ.አ. በ1876 በእንቁራሪት ሬቲና ላይ በብርሃን የሚደበዝዝ ቀይ ቀለም አስተዋለ። ቪልሄልም ኪዩነ ይህንኑ ቀለም በጀርመንኛ «የእይታ ሐምራዊ» አለው፤ «ሮዶፕሲን» የሚለውንም ስም አወጣለት። ስሙ የተዋቀረው ከግሪክኛዎቹ «ሮዶን» (ጽጌ ረዳ) እና «ኦፕሲስ» (እይታ)፣ እንዲሁም ከኬሚካዊው ቅጥያ «-ኢን» ነው።

ቃሉን በፍቺ ወደ አማርኛ መመለስ ግልጽነት አለው፤ ነገር ግን ስያሜው ከፍቺው ርቆ ሄዷል። ባክቴሪዮሮዶፕሲን በብርሃን ኃይል ፕሮቶን ከሕዋስ ያስወጣል እንጂ ለማየት አያገለግልም። እርሱንም «የእይታ ሐምራዊ» ማለት የሌለውን ተግባር መስጠት ነው።

ውሰቱም እንከን አያጣም። ፊደሉ የምዕላዶቹን ወሰን ይሸፍናል፦ በ«ዶ» ውስጥ «ሮድ-» እና «ኦፕስ-»፣ በ«ሲ» ውስጥ ደግሞ «ኦፕስ-» እና «-ኢን» ይጋጠማሉ። ይህ ግን ለአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ በ«ቤቱ» ውስጥም ስሙና ቅጥያው በ«ቱ» ይገናኛሉ። ስለዚህ የሚመረጠው ውሰቱ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ግን «ሮድ-ኦፕስ-ኢን» ብሎ ሊተነትነው ይገባል። ያን ጊዜ አንባቢ «ሜላኖፕሲን»ን ሲያገኝ ዘመዱን ይለያል፤ «ኦፕሲን»ም የግሪክኛ ቃል ሳይሆን ከነቅጥያው የተቆረጠ የሳይንስ ስም መሆኑን ይረዳል።