ብቻውን ሮጦ የተቀደመ

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» እንላለን። የምንለው ለሙገሳ አይደለም፤ ለሽሙጥ ነው። ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ አርሞ፣ ለራሱ አንደኛ የሰጠ ሰው ሲያጋጥመን ሌላ ቃል ሳንፈልግ ይቺን ወርወር አድርገን እናልፋለን። ተረቷ ላይ የተከራከረ ሰው አላውቅም። ተፎካካሪ በሌለበት ሜዳ ማን ይሸነፋል?

እኔ ግን ተረቷን ውሸታም የሚያደርግ ነገር አግኝቻለሁ። የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ በካርቶን የሚሸጥ የካርታ ጨዋታ ነው። ያውም በኮሚክ መጽሔት ጀግኖች፣ በእነ ስፓይደርማንና በእነ ብላክ ፓንተር ታሪክ ላይ የተሠራ። አንድ ሰው ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋዋል፤ ብቻውን ይሮጣል፤ ይቀደማልም።

«የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው ስለ ልጆች መጫወቻ ምን አጻፈው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ።

ለእኛ ጨዋታ ማለት ሁለተኛ ሰው ማለት ነው። ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ «እስቲ እንጫወት» ስንል «እስቲ እናውጋ» ማለታችንም ነው። ገበጣ ለብቻ አይሆንም፤ ጠጠሩን የሚበላብህ ሰው ፊት ለፊትህ መቀመጥ አለበት። ድሮ በየመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥማ ከሁለቱ ተጫዋቾች አልፎ ዙሪያውን ከቦ የሚመክርና የሚከራከር ተመልካች ነበረው። የሰንጠረዡ መጀመሪያ «ወረራ» ይባል ነበር፤ አንዱ ሌላውን ተራ ሳይጠብቅ ሁለቱም እንደ ፈጠናቸው ጦራቸውን ያሰልፉ ነበር። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣም ስለ ሰንጠረዥም ያሳተሟቸውን ጥናቶች ያነበበ ሰው፣ አገራችን በጨዋታ ረገድ ምን ያህል የጨዋታ ወዳጅ አገር እንደነበረች ይገነዘባል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሲጫወት ብናይ መጀመሪያ የሚመጣብን ሐሳብ «ምን ነካው?» የሚል ነው። ብቻውን የሚበላን፣ ብቻውን የሚስቅን፣ ብቻውን የሚጫወትን ሰው በአንድ ዓይን ነው የምናየው። በእርግጥ ለብቻ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። በ1697 ፈረንሳይ ውስጥ በተሠራ አንድ ሥዕል ላይ አንዲት እመቤት የብቻ ጨዋታ ገበታ አጠገቧ አድርጋ ትታያለች። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ በ1990 «ሶሊቴር» የሚባለው የካርታ ጨዋታ ከዊንዶውስ ጋር ገባ፤ በእኛም መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር ሲመጣ አብሮ መጣ። ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሳለ ቀይና ጥቁር ካርታ ይደረድር የነበረውን ሹም የማያስታውስ ማን አለ? ሶሊቴር ግን ባላንጣ የለውም። ካርታው ይገጥማል ወይም አይገጥምም፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

የኮሚክ ጀግኖች ጨዋታዎች ይዘውት የመጡት ነገር ባላንጣው ነው። ሦስቱን ላንሳ። በ2011 የወጣው «ሴንቲነልስ ኦፍ ዘ መልቲቨርስ» ጀግኖቹን ከነባር መጽሔት አልወሰደም፤ ነባር መጽሔት ያላቸው አስመስሎ ራሱ ፈጠራቸው። ነገር ግን ብቻውን የሚጫወተው ሰው ቢያንስ ሦስት ጀግና ባንድ ጊዜ እንዲመራ ይገደዳል። የዚህ ሥራ የጦር አዛዥ ሥራ እንጂ የጀግና ሥራ አይደለም። በ2012 በዴቪን ሎው ተነድፎ የወጣው «ሌጀንደሪ» ደግሞ ተጫዋቹን ማንንም አያደርገውም። ነጥብ እየከፈለ ጀግኖችን ይመለምላል፣ ወደ ውጊያ ይልካል፤ ባጭሩ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ኃላፊ ነው። ሁለቱም ጊዜ ያሳልፋሉ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ግን «ገጸ ባህርይው የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም።

ሦስተኛው በ2019 ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ ያወጣው፣ ማይክል ቦግስ፣ ኔት ፍሬንችና ኬሌብ ግሬስ የነደፉት «ማርቭል ቻምፒዮንስ» ነው። ከአንድ እስከ አራት ሰው ይጫወተዋል ይላል ሣጥኑ፤ በእኔ ግምት ግን ምሥጢሩ የሚወጣው አንድ ሰው ሲጫወተው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፓይደርማንን የመረጠ ተጫዋች ፊት አንድ ካርታ ይቀመጣል። ባንድ ገጹ ጭምብል የለበሰው ስፓይደርማን አለ፤ በሌላው ገጹ ፒተር ፓርከር፣ ያ ምስኪን ወጣት። ተጫዋቹ በየተራው አንድ ጊዜ ካርታውን መገልበጥ ይችላል። ጀግናው ጭምብሉን ለብሶ ከሆነ ባላንጣው መጥቶ ይደበድበዋል። ጭምብሉን አውልቆ ቤቱ ከገባ ያርፋል፣ ቁስሉ ይጠግጋል፣ በእጁ የሚይዘውም ካርታ ከአምስት ወደ ስድስት ከፍ ይላል፤ ባላንጣው ግን በዚያ ተራ ድብደባውን ትቶ ሴራውን ይሸርባል። ሴራው የተወሰነለትን ያህል ከሞላ ጨዋታው አለቀ፤ ጀግናው በሕይወት እያለ ይሸነፋል።

የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን «ፕሎት» የሚለውን ቃል አንዳንዶቻችን «ትልም»፣ ሌሎቻችን «ሴራ» እያልን እንተረጉመው ነበር። ተማሪዎች «ሴራ» ሲባል ይስቁ ነበር፤ ሴራን የሚያውቁት በጎረቤትና በቢሮ ነዋ! ይህ ጨዋታ ሁለቱን ትርጉሞች አስታርቋቸዋል። ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው የባላንጣው ሴራ ነው። ጀግናው ቢተኛም ሴራው አይተኛም። እንግዲህ የተጫዋቹ ጭንቀት ይሄ ነው፤ ዛሬ ቤቴ ልደር ወይስ ከተማዋን ልጠብቅ? ቤቱ ባያድር ይሞታል፤ ቢያድር ከተማዋ ትጠፋለች።

በዚህ ላይ «ግዴታ» የሚባል ካርታ አለ። እያንዳንዱ ጀግና የራሱ ግዴታ አለውና ካርታው ከባላንጣው ካርታዎች ጋር ተደባልቆ ሳይታሰብ ብቅ ይላል። የጠበቃዋ የሺ ሐልክ ግዴታ የሕግ ሥራዋ ነው፤ የቱጃሩ የአይረን ማን የንግድ ችግር፤ የንጉሡ የብላክ ፓንተር የመንግሥት ጉዳይ። የፒተር ፓርከርስ? «ቤት ልቀቅ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው! ዓለምን ከጥፋት ሊያድን የተነሣ ሰው በአከራይ ይያዛል። ወይ ፒተር ፓርከር ሆኖ ያንን ጉዳይ ሲያስጨርስ ይውላል፣ ወይ ችላ ብሎት ከእጁ ካርታ ይነጠቃል፤ ሌላ መከራም ይከተለዋል። በአዲስ አበባ ኪራይ ቤት የኖረ ሰው ይህን ካርታ ለመረዳት የኮሚክ ዕውቀት አያስፈልገውም።

ይህ ነጋዴ ለማሳሳቂያ የፈጠረው አይደለም፤ ከምንጩ የተቀዳ ነው። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ ስፓይደርማንን በ1962 ሲፈጥሩ፣ «አያገባኝም» ብሎ ያሳለፈው ሌባ አሳዳጊ አጎቱን የገደለበት ልጅ አድርገው ነው። በተከታዩ ዓመት የራሱ መጽሔት ሲጀመር አክስቱ ሜይ ለቤት ኪራይ ብላ ጌጧን መያዣ ስታሲዝ እናያለን። የዚያ መጽሔት ትልቁ ግኝት ግድግዳ ላይ መውጣት አይደለም፤ ጀግንነት ወር ሲደርስ ኪራይ እንደማይከፍል ማሳየቱ ነው። ፊልሞቹ በጩኸትና በፍንዳታ ብዛት ብዙ ጊዜ የሚሸፍኑትን ይህን ነገር፣ አንዲት የካርቶን ቁራጭ በደንብ ትናገረዋለች።

አከፋፈሉም እንዲሁ ጨካኝ ነው። አንድ ካርታ ለመጫወት ዋጋው የሚከፈለው በእጅ ያሉትን ሌሎች ካርታዎች በመጣል ነው። ጠንካራውን ምት ለመሰንዘር መከላከያህን ትጥላለህ፤ አክስትህን ከጎንህ ለማስቀመጥ ምትህን ትጥላለህ። ሁሉንም ማድረግ የሚችል ልዕለ ጀግና የለም፤ በመረጠው ቁጥር የተወውን እያየ የሚሄድ ሰው ነው ያለው።

አሁን ወደ ተረቷ ልመለስ። ብቻውን በሚጫወት ሰው ፊት የባላንጣውን ካርታ የሚገልጠው ማነው? ራሱ ነው። ድብደባውን ቆጥሮ በራሱ ላይ የሚያሳርፈው፣ ሴራው ላይ ምልክት የሚጨምረው ራሱ ነው። ዳኛ የለም፣ ተመልካች የለም፣ የሚያጨበጭብም የሚያፏጭም የለም። ካርታውን አይቶ «ይቺ አትቆጠርም» ቢል ጠያቂ የለውም። ከሜሪላንድ ለክረምት የመጣ የእህቴ ልጅ አንድ ምሽት ሲጫወት አጠገቡ ሆኜ አይ ነበር። አንዲት ካርታ ገለጠ፤ ሴራው ሞላ፤ «አበቃ» ብሎ መሰብሰብ ጀመረ። «ብትደብቃትስ ማን ያይሃል?» አልኩት። «እኔስ አጎቴ?» አለኝና ሣጥኑን ከደነ።

ይህች መልስ ትንሽ አይደለችም። በሁለት ሰው ጨዋታ ሐቀኝነት ግማሹ ፍርሃት ነው፤ ብትሰርቅ ያይሃል፣ ቢያይህ ይጣላሃል። እዚህ ግን ሐቀኝነት ካልሆነች ጨዋታው ራሱ የለም። የደበቀ ሰው አሸነፈ አይባልም፤ ካርቶን ሲያገላብጥ አመሸ ነው የሚባለው። ንድፉ ጥሩ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። ተጫዋቹን የሚያባብል አይደለም፤ ሊያሸንፈው የሚችል ባላንጣ ቀጥሮ፣ ሒሳቡን ደግሞ ለተጫዋቹ ለራሱ አደራ የሚሰጥ ነው።

ጉድለቱንም መናገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ይህ ባላንጣ ይመታል እንጂ አያስብም። የገበጣ ባላጋራህ ፊትህን አይቶ ሐሳብህን ያነባል፤ ትናንት እንዴት እንዳሸነፍከው ያስታውሳል። የካርታ ክምር ግን አያስታውስም፤ ቂምም ይሉኝታም የለውም። ስለዚህ ብቻውን የሚጫወት ሰው ራሱን ያውቅ ይሆናል፤ ሰውን አያውቅበትም።

ሁለተኛ፣ ባላንጣው ምክንያት የለውም። የብላክ ፓንተር ጠላት ኪልሞንገር በ1973 ኮሚክ ውስጥ ሲገባም፣ በ2018ቱ ፊልም የበለጠ ጎልቶ ሲወጣም፣ በዙፋኑ ላይ ክርክር የያዘ ሰው ነበር። ፊልሙን ያዩ ብዙ ሰዎች «ዘዴው ክፉ ቢሆንም ጥያቄውስ?» እያሉ ነው የወጡት። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ግን ድንገት ከክምሩ የሚወጣ፣ ተመትቶ የሚወድቅ ካርታ ነው። ክርክሩ የለም፤ ቡጢው ብቻ ቀርቷል። ጥሩ ልቦለድ ባላንጣውን ያናግረዋል፤ ይህ ጨዋታ ያንን አይችልም።

ሦስተኛው የገበያው ነገር ነው። ሣጥኑ አምስት ጀግኖች ይዞ ይመጣል፤ ከ2019 ወዲህ ግን አዳዲስ ጀግኖችና ባላንጣዎች በየጊዜው ለየብቻ ሲሸጡ ቆይተዋል። የኮሚክ ንግድ ዱሮም ጠባዩ ይሄ ነው፤ ጀግናው ሞቶ ይነሣል፣ ታሪኩ አያልቅም፣ የሚቀጥለውን ቁጥር ግዛ ነው። በሽንፈት መማር የሚገባው ሰው «አዲሱን ጀግና ብገዛ ኖሮ» ብሎ ወደ ሱቅ ከሄደ፣ ያቺ የተከበረች ሽንፈት ደረሰኝ ሆና ቀረች ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው ጨዋታውን እወድለታለሁ። የምወድለት ጀግኖቹ ኃይለኞች ስለሆኑ አይደለም። አንድ ብርቱ ሰው ይምጣና ያውጣን የሚለው ናፍቆት በእኛም ዘንድ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል፤ ለእሱ ተጨማሪ ሥዕል አያስፈልገንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው የተረቱ አባቶች ለብቻው ድር የሚያደራ ጎረምሳ ቢያዩ መሳቃቸው አይቀርም ነበር። ጨዋታውም ቢሆን ይህን ሳያውቀው አልቀረም፤ የአክስት ሜይ ካርታ ባትኖር ስንት ስፓይደርማን በቁስሉ በወደቀ!

የምወድለት በአንድ ነገር ነው። ራሳችን በጻፍነው ሪፖርት መቶ በመቶ የምናሳካ፣ ራሳችን በጠራነው ግምገማ የምንመሰገን፣ ራሳችን ባቋቋምነው ሽልማት የምንሸለም ሰዎች ሞልተናል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ እኛም ጸሐፊዎቹ ጭምር። ሜዳው የእኛ፣ ሰዓት ያዡ እኛ፣ ሯጩ እኛ፤ ታዲያ ማን ይቀድመናል? እነዚህ ሰዎች ግን ብቻቸውን ሊጫወቱ ሲቀመጡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሊያሸንፋቸው የሚችል ባላንጣ ማዘጋጀት ነው። ሲሸነፉም ማንም ሳያያቸው ይመዘግባሉ።

ሣጥኑ በእጁ የገባ አንባቢ ካለ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ባላንጣ ራይኖ ይባላል፤ ግድግዳ በቀንዱ ሰብሮ የሚገባ ደንዳና ነው፤ አይናቅ። አክስት ሜይን ቀደም ብሎ ያውጣት። «ቤት ልቀቅ» የምትለዋ ካርታ ስትመጣም ወደ ክምሩ አይመልሳት፤ ጭምብሉን ያውልቅና ጉዳዩን ይጨርስ።