ቤት መዋል ለማን በጀ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የልደት ድግስ ላይ ተገኝቼ ነበር። ልጆቹ ከኬካቸው ጋር ሲታገሉ እኛ አዋቂዎቹ ወደ ወሬያችን ገባን። ወሬ ወሬን እያነሣ የ2012ቱ የኮሮና ጊዜ ተነሣ። አንዷ እንግዳ በረጅሙ ተነፈሰችና «እውነቴን ነው፣ እኔስ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል» አለች። ጎበዝ፣ አንድም ሰው «ምን ነካሽ?» አላላትም። ይልቁንም ሁሉም ተቀባበላት። አንዱ ልጆቹን በደንብ ያወቃቸው ያኔ እንደሆነ ተናገረ። ሌላው ካገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርስ፣ ምሳና እራት ከሚስቱ ጋር በአንድ ገበታ መብላቱን አወራ። እኔም ወግ አይቅርብኝ ብዬ በረንዳችን ላይ ስለተከልኳት ጎመንና ስላነበብኳቸው መጻሕፍት አወጋሁ። ጎመኗ እንኳ ሁለቴ ብቻ ነው የተቀነጠሰችው፤ መጻሕፍቱም ግማሽ ግማሽ ናቸው። ግን የድግስ ወሬን ማን ኦዲት ያደርጋል?

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ሆዴን ይበላኝ ጀመር። በዚያ ሁሉ ትዝታ ውስጥ ያን ቁርስ፣ ያን ምሳና ያን እራት ማን እንደሠራው ያነሣ ሰው አልነበረም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ ሂሳቡን እጥፍ አደረገ። እንደ ሌላው ዓለም ግን ከተማው ተጠርቅሞ አልተዘጋም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ሰሞን፣ ቤት የሌላቸው ዜጎች በበዙበት፣ ቤት ያላቸውም የዕለት ጉርሳቸውን ወጥተው በሚያመጡበት አገር ይህ እንደማይቻል ተናግረው ነበር። ልክ ነበሩ። ስለዚህ «ቤትዎ ይቆዩ» የሚለው ለአብዛኛው ሰው ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። ምክሩን መቀበል የሚችለው ደግሞ ቤትም፣ የማይቋረጥ ደመወዝም ያለው ሰው ነው።

ምክሩስ ዘነበብን እኮ! በየጣቢያው ባለሙያ እየተጠራ ዜና ቀንሱ፣ ስፖርት ሥሩ፣ እንቅልፋችሁን ጠብቁ፣ ከቤተሰብ ጋር ተጨዋወቱ፣ በየቀኑ ያገኛችሁትን በጎ ነገር መዝግቡ ተባልን። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እኔንም ጠቅሞኛል። ችግሩ ተናጋሪው «ቤት» ሲል በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ሳሎንና መኝታ ክፍል ያለውን፣ ምናልባትም በረንዳ ያለውን መሆኑ ነው። በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ስድስት ሆነው ለሚያድሩ፣ ሽንት ቤቱም ቧንቧውም ከጎረቤት ጋር የጋራ ለሆነባቸው ሰዎች «ለራስዎ ጸጥ ያለ ጥግ ያዘጋጁ» ማለት ምን ማለት ነው? እዚያ ሰፈር ጭንቀት የሚያስተነፍሰው የጎረቤት ቡና ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ እሱም እንደ ጥፋት ተቆጠረ።

በጎ ነገር አልነበረም እያልኩ አይደለም። በየደጃፉ ባለ ቧንቧ በርሜልና ጀሪካን ተተክሎ አላፊ አግዳሚው ይታጠብበት ነበር። ኪራይ የማሩ አከራዮች ነበሩ። በ2012 ፋሲካ ማዕዱን ለጎረቤቱ ያካፈለ ብዙ ነው። እኛ ድግሱ ላይ ያወራነው ግን ስለነዚህ አልነበረም፤ በር ዘግተን ስላገኘነው ደስታ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልግባ።

በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ አብራን የኖረች ሠራተኛ ነበረችን። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ትወጣለች። ቤተ ክርስቲያን ስማ ኮልፌ አክስቷ ዘንድ ትውላለች። ማታ ማታ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ትማር ነበር። መጋቢት ላይ ሁለቱም ቆሙ። ትምህርቱን የዘጋው መንግሥት ነው፤ እሁዷን የዘጋነው ግን እኛ ነን። ለልጆቼ ትምህርት ቤታቸው በቴሌግራም የቤት ሥራ ይልክላቸው ነበር፤ ለእሷ ማንም ምንም አልላከላትም። የእኛ ቤት መዋልም ለእሷ ዕረፍት አልሆነላትም። አምስት ሰው ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል የሚታጠበው ሳህን፣ የሚከተፈው ሽንኩርት፣ የሚጠረገው ወለል ስንት እጥፍ እንደሚሆን አስቡት። በዚያ ላይ የበሩን እጀታ በአልኮል መወልወል፣ ከሱቅ የገባውን ሁሉ ማጠብ አለ። እኛ በአንድ ገበታ ተሰበሰብን ስንል፣ እሷ ከገበታው አጠገብ ቆማ ነበር።

እኔ ግን እወጣ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ፣ አልፎ አልፎ ባንክ፣ ሲመቸኝም ካፌ በር ላይ ቆሜ ማኪያቶ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ነጠላዋን ለብሳ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ዛሬ አክስቴን አየት አድርጌ ልምጣ?»

«እንዴ! በሽታ ይዘሽብን ልትመጪ ነው?» አለች ባለቤቴ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር፤ ማየቴንም ቀጠልኩ።

«ጋሼ ይወጡ የለ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ እንዴ በሽታው?»

መልስ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁርሳችንን አቀረበች።

ስልኬ ላይ ምን እያየሁ እንደነበር ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ የጣሏቸውን እህቶቻችንን ነበር የማየው። ደሜ ፈልቶ ነበር። ሠራተኛን ከአሠሪዋ ጋር ጠፍሮ ስለሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ሁለት መስመር ጽፌ፣ ሰው እንዴት ሰውን ቤት ውስጥ ይቆልፋል ብዬ፣ ሦስተኛውን ልጀምር ስል ነው ልጅቷ የዞረችብኝ።

ባለቤቴን ብቻ እንዳትወቅሱብኝ። ስኳር ያለባቸው እናቷ አብረውን ይኖሩ ነበርና ፍርሃቷ የእውነት ነበር። ነገር ግን ፍርሃቱ የእናትየው ከሆነ እኔንም ከማኪያቶው ሊያስቀረኝ ይገባ ነበር። ያሰራት እሷን ብቻ ነው። ለምን? ስለሚቻል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ፋብሪካውንና ድርጅቱን ሲያይ፣ እንደ እሷ ያሉትን የቤት ሠራተኞች ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቷቸው አለፈ። የሚገርመው፣ ያረጀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሻላል። አሠሪው ቤት እየኖረ ለሚሠራ ሰው፣ በመኖሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ በኩል ጤናውና መንፈሱ እንዳይጎዳ አሠሪው የሚገባውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። የአእምሮ ጤና ምክር በቴሌቪዥን ከመዝነቡ ስድሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። በየሳሎናችን ግን ማን አንብቦት? በየጣቢያው ከቀረቡት ባለሙያዎችም «የሠራተኛችሁን የዕረፍት ቀን አትቀሟት» ሲል የሰማሁት የለም። ምናልባት እነሱም ቤት አንድ ልጅ ነበረች።

መስከረም 2013 ላይ ልጅቷ ደመወዟን ተቀብላ ሄደች። ተጣልታ አይደለም፤ ልጆቼን ስማ፣ አማቴን ጉልበት ስማ ነው የወጣችው። የት እንደምትሄድ ስጠይቃት «አክስቴ ጋ» አለችኝ።

በሳምንቱ ደላላው አንዲት ሌላ ልጅ ይዞ መጣ። ስለ ደመወዙ ተስማማን። «እሁድስ?» አለ ደላላው። ባለቤቴ «በየሁለት ሳምንቱ» አለች። እኔ «በየሳምንቱ» አልኩ። ደላላው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባለቤቴን አየና ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ የማን ቃል እንደሚጸና ለማወቅ ባለቤቴን ነበር የምታየው።