ዘበኛና እስረኛ በአንድ ከበባ

በአገራችን በጥንቱ የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ፣ ነገራቸው በዳኛ ፊት ቀርቦ እስኪቆረጥ ድረስ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ከከበደም በሰንሰለት ተቆራኝተው ይሄዱ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ልማዱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቃሉ ከአፋችን አልጠፋም። በዚህ ቃል ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስደንቀን ለያዡም ለተያዡም አንድ መሆኑ ነው። አንዱ ውሃ ሊጠጣ ቢነሣ ሌላው አብሮ ይነሣል፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ከራስጌው ይውላል፤ እንግዲህ ከሁለቱ ነጻ የሆነው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ያስቸግራል።

ስለ አሜሪካ ሲኒማ ለመጻፍ ተነሥተን ከአገራችን የፍርድ ልማድ መጀመራችን ለአንባቢ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ጆን ካርፔንተር በ1976 ዓ.ም. ያወጣውን፣ በአማርኛ «ጥቃት በ13ኛው ፖሊስ ጣቢያ» ልንለው የምንችለውን ሥራ ባየን ቁጥር ከአእምሮአችን የማይወጣው ይኸው ቁራኛ የሚለው ቃል ነው። (የሲኒማዎቹን ዘመን በፈረንጆች፣ የአገራችንን ታሪክ በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ሥራው በ100 ሺህ ዶላር ያህል ገንዘብና በጥቂት ሳምንታት የተሠራ ነው፤ ለሆሊውድ ይህ የምሳ ወጪ ነው። ዜማውንም ካርፔንተር ራሱ የደረሰው ሲሆን፣ ጥቂት ድምፆች ብቻ እየተመላለሱ እንደ ልብ ትርታ ይመታሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ የተራቆተ ሰፈር ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሊዘጋ አንድ ሌሊት ቀርቶታል። ዕቃው ተጭኗል፤ ሠራተኛው ሄዷል፤ የቀሩት ሁለት ጸሓፊዎችና አንድ ፖሊስ ናቸው። የመሥሪያ ቤትን መዛወር የሚያውቅ ሰው ይህን ባዶ ክፍል ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ይህን ጎጆ እንዲጠብቅ የተላከው ኢታን ቢሾፕ የሚባል፣ በዚያው ሰፈር ያደገ ጥቁር መኮንን ነው። በዚያው ማታ እስረኞችን ወደ ሌላ ወህኒ የሚወስድ አውቶቡስ፣ ከእስረኞቹ አንዱ ስለ ታመመ፣ ከደጁ ይቆማል። ከእስረኞቹም አንዱ በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ናፖሊዮን ዊልሰን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ትንሽ ልጁን ወሮበሎች በአይስክሬም መኪና አጠገብ የገደሉበት አባት፣ ከገዳዮቹ አንዱን ገድሎ፣ ቀሪዎቹ እያሳደዱት ከጣቢያው ይገባል፤ ከድንጋጤው ብዛትም አንደበቱ ተዘግቶ ይቀራል። ወሮበሎቹ ቤቱን ይከባሉ። ስልኩና መብራቱ ይቆረጣል። ጠመንጃቸው ድምፅ የለውም፤ የሞተውንም ሰው ከመንገድ ላይ አንሥተው ያጸዳሉ፤ ስለዚህ በአጠገቡ ለሚያልፍ ሰው መንገዱ ሰላም ይመስላል።

የሥራው ልብ ያለው ከዚህ በኋላ በሚመጣ አንድ ትዕይንት ላይ ነው፤ ብዙ ተመልካችም ሳያስተውለው ያልፋል። ስታርከር የሚባለው የእስረኞች አለቃ ዊልሰንን በሰንሰለት ከራሱ ጋር አቆራኝቶ ወደ አውቶቡሱ ሲመልስ የመጀመሪያው የጥይት ናዳ ይወርዳል። ስታርከር ይሞታል። ዊልሰን ግን ከሬሳው ጋር እንደ ተቆራኘ ይቀራል። ሕግ ሞቷል፤ ሰንሰለቱ ግን አልሞተም። ቢሾፕ ሰንሰለቱን ይፈታል፤ ፈትቶም ምን ያደርጋል? እስረኞቹን መልሶ በየክፍላቸው ይቆልፍባቸዋል! እኛ በዚህ ቢሾፕን አንነቅፈውም። ደንብ የተማረ ሰው በጭንቅ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ደንቡን ነው። ሁለተኛው ናዳ ሲመጣ ግን ሊ የምትባለውን ጸሓፊ ልኮ ዊልሰንንና ዌልስ የሚባለውን ሌላ እስረኛ ያስፈታል፤ መሣሪያም ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ፖሊስ የለም፤ እስረኛም የለም፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ አሉ።

ካርፔንተር ይህን አሳብ ከየት እንዳመጣው አልደበቀም። የሥራውን ቅንብር የፈረመው በራሱ ስም ሳይሆን በጆን ቲ. ቻንስ ስም ነው፤ ይህም ሃዋርድ ሃውክስ በ1959 ባወጣው «ሪዮ ብራቮ» ውስጥ ጆን ዌይን የተጫወተው የሸሪፍ ስም ነው። በዚያም ጥቂት የሕግ ሰዎች፣ አንዱ ሰካራም፣ አንዱ አንካሳ ሽማግሌ፣ አንድ እስረኛ ይዘው ከእስረኛው ወንድም ጭፍሮች ይከላከላሉ። ነገር ግን በሃውክስ ሥራ እስረኛው እስከ መጨረሻው ድረስ ዕቃ ነው፤ ይጠበቃል፣ ይለወጣል እንጂ አይታመንም። ካርፔንተር ከታላቁ መምህሩ ቤት አንድ በር ብቻ ከፈተ፤ የእስር ቤቱን በር። በዚህም ታናሹ ሥራ ከታላቁ ይበልጣል ብንል ድፍረት አይሆንብንም፤ በጥበብ ግን ሃውክስ ዛሬም የሚደረስበት አይደለም።

በባሕር ዳር ፔዳ በሚባለው ግቢ ከሚማሩ ወጣቶች ጋር ስለዚህ ሲኒማ በተነጋገርን ጊዜ አንዱ ተማሪ የሰጠን ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። «ሞት በደጅ ቆሞ ያገናኛቸው ሰዎች መገናኘታቸው ምን ያስመሰግናል? ጎርፍ ሲመጣ እባብና አይጥ በአንድ ዛፍ ላይ ይወጣሉ» አለ። አነጋገሩ አስደስቶናል፤ አሳቡን ግን አልተቀበልነውም። ከበባ ብቻውን አያስታርቅም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሎስ አንጀለስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከፔዳ ብዙ ሳንርቅ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ በሚደረስበት በዘጌ ምድር የተጀመረ ታሪክ አለን።

የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳምና ጓደኞቹ፣ ቀድሞ ታስረው የነበሩትም ካሜሮንና ሌሎቹ፣ በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በቆራጣ ተሰብስበው ወደ አገራቸው ለመመለስ ይጠባበቁ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ጊዜ ሰፈራቸው ዘጌ ነበረ። በሚያዝያ ወር እንግዶቹ እንደ ገና ተያዙ፤ በዚያው ክረምት በሰፈሩ በሽታ ገባ፤ በሐምሌም እስረኞቹ መቅደላ አምባ ላይ ወጥተው እግር ብረት ገባላቸው። ንጉሡ ራሳምን ወዳጄ ማለትን አልተዉም፤ ወዳጁ ግን በብረት ነበረ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሉት የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠሩ። እንግዲህ ቴዎድሮስ የእንግዶቻቸውን እጅ መጠቀም ያውቁ ነበር። የሸዋውን ምኒልክንም በምርኮ አሳድገው ልጃቸውን አልጣሽን እስከ መዳር ደርሰው ነበር፤ ያም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሄደ።

በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ሲቃረብ በአምባው ላይ ዘበኛና እስረኛ ከዚያች ጣቢያ በሚበልጥ ከበባ አብረው ነበሩ። ታስረው ከነበሩት ከአገሪቱ ሰዎች መካከል ንጉሡ ብዙዎቹን አስፈቱ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እስረኞቹ የጻፉት ታሪክ እንደሚለው፣ ከቀሩት መካከል ምግብና ውሃ ብለው የጮኹት በጸሎተ ሐሙስ ከገደል ተወረወሩ። በማግስቱ በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ጦሩ ተሸነፈ። ከዚያም ለጠቡ መነሻ የሆኑት የውጭ አገር ሰዎች ወደ ናፒየር ተሰደዱ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ አምባው ሲሰበር ከንጉሡ ጋር የቀሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱንም ሂዱ ብለው አሰናብተው ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ ገደል የተወረወሩት ሰዎች ጠመንጃ ቢሰጣቸው ለማን ይተኩሱ ነበር? ተማሪው ይህን ጥያቄ ሰምቶ «ለንጉሡ አይተኩሱም ነበር» ሲል መለሰ። እኛም እንዲሁ ይመስለናል። ቢሾፕ ግን መሣሪያውን የሰጠው መልሱን አውቆ አልነበረም፤ ልዩነቱም ከዚህ ላይ ነው።

ዊልሰን ለእምነቱ ብቁ መሆኑን ካርፔንተር የሚያሳየን በንግግር አይደለም። ዊልሰን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ሲጋራ ይለምናል፤ ማንም አይሰጠውም፤ በመጨረሻ የምትሰጠው ሊ ናት። ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ትሠራለች። ዌልስም እንዲሁ ነው፤ በቆሻሻ ውሃ ቦይ ወጥቶ መኪና አምጥቶ እርዳታ እንዲጠራ ዕጣው ለእርሱ ይወጣል፤ መኪናው ዘንድ ይደርሳል፤ ከኋላው ወንበር ተደብቆ በቆየ ወሮበላ ይገደላል። ሊሸሽ ይችል እንደ ነበር ማንም አያነሣም። እኛ ግን ወጥተን ስንሄድ እናነሣዋለን።

ይህን ያህል ካመሰገንን ነቀፋችንን መሸሸግ አይገባም። ሲኒማው ሲጀምር ፖሊሶች በጨለማ አድፍጠው 6 ወጣቶችን ሲገድሉ ያሳያል። የወሮበሎቹ መሐላና በቀል የሚነሣው ከዚህ ነው። ካርፔንተር ግን ይህን ካሳየን በኋላ ፈጽሞ ይረሳዋል። ከባቢዎቹ ስም የላቸውም፤ አንደበት የላቸውም፤ እንደ አንበጣ ይመጣሉ፤ እንደ አንበጣ ይረግፋሉ። ለአንድ የተፈረደበት ነፍሰ ገዳይ ፊትና ቀልድ የሰጠ ደራሲ ለእነዚህ ልጆች አንድ ቃል መንፈጉ ከድካም ነው ወይስ ከፍርሃት? በር መክፈት ለቤቱ ውስጥ ሰዎች ብቻ የተፈቀደ ይመስላል። ተመልካቹ በጥድፊያው ውስጥ ይህን አይጠይቅም፤ ሲኒማው የተሠራውም እንዳይጠይቅ ነው።

በ2005 ዣን ፍራንሷ ሪሼ ሥራውን እንደ ገና ሲሠራው ይህን ጉድለት ያየ ይመስላል። ታሪኩን ወደ ዲትሮይት፣ ወደ በረዶና ወደ ዘመን መለወጫ ዋዜማ አዛወረው፤ ከባቢዎቹንም ወንጀላቸው እንዳይወጣባቸው እስረኛውን ሊገድሉ የመጡ የረከሱ ፖሊሶች አደረጋቸው። አሁን ምክንያት አላቸው፤ ፊትም አላቸው። ነገር ግን ያን ያህል ሲያተርፍ ሌላውን ከሰረ። ሎሬንስ ፊሽበርን የሚጫወተው እስረኛ የሚዋጋው ሊገደል የተፈለገው ራሱ ስለ ሆነ ነው። ከመኮንኑ ጋር የሚዋዋሉት ነጋዴዎች እንደሚዋዋሉት ነው፤ ስለዚህ የተማሪያችን እባብና አይጥ ለዚህኛው በደንብ ይሠራል።

ሁለቱን ሥራዎች በመጨረሻቸው ማወዳደር ይጠቅማል። በመጀመሪያው እርዳታ ሲደርስ አንድ ፖሊስ ዊልሰንን ካቴና ሊያገባለት ይቀርባል፤ ቢሾፕ በቁጣ ይገፋዋል፤ አብሮት እንዲወጣም በአክብሮት ይለምነዋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ደረጃውን ይወጣሉ። ሥራው ከዚያ ላይ ይቆማል። ዊልሰን የተፈረደበት ነው፤ አውቶቡሱም ሌላ ይመጣል፤ ቢሾፕ በማግስቱ ምን እንደ ጻፈ፣ ለአለቆቹ ምን እንዳመለከተ አናውቅም። በሁለተኛው መኮንኑ እስረኛውን ትንሽ ቀድሞ እንዲሸሽ ይለቀዋል። የሚገርመው ደግሞ ስማቸው ነው፤ በ1976 ቢሾፕ ተብሎ የተጠራው ፖሊሱ ሲሆን በ2005 ቢሾፕ የሚባለው እስረኛው ነው።