ሳሩን ያዩ ሐያስያን

ሥራ ሲመዘን ሚዛኑም አብሮ መመዘን አለበት። ለዚህ ማሳያ ዛሬ ልብ ወለድ ወይም ግጥም አላነሳንም፤ ያነሳነው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። «ጨዋታ ደግሞ ምን ሂስ ያሻዋል?» የሚለን ቢኖር፣ ሚሊዮኖች ሌሊቱን የሚያነጉበትን ነገር ሂስ ካልነካው ሌላ ምን ሊነካ ነው? እንለዋለን።

ጨዋታው «ፖኬሞን ሌጀንድስ፦ አርሴየስ» ይባላል። ጌም ፍሪክ የተባለው የጃፓን ድርጅት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ፖኬሞን እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር አንስቶ ፍጡራንን የመያዝና የመሰብሰብ ጨዋታ ነው። በቀደሙት ዋና ዋና ክፍሎች ተጫዋቹ ፍጡር ባገኘ ቁጥር ተራ በተራ ወደሚመታቱበት ፍልሚያ ይገባ ነበር። በዚህኛው ግን ሳር ውስጥ ያደባል፣ ያነጣጥራል፣ ኳሱን ይወረውራል። ፍጡሩም ዝም ብሎ አይያዝለትም፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ዘሎ ተጫዋቹን ራሱን ይመታዋል።

ሐያስያኑ ይህን ወደዱት። እውነታቸውን ነው፤ ለዓመታት በልማድ የደነዘዘ ነገር ነፍስ ዘርቷል። ወቀሳቸው በሥዕሉ ላይ ወደቀ፦ ሜዳው ባዶ ነው፣ ዛፉና ውሃው ደብዛዛ ነው፣ በሩቅ ያለው ፍጡር ሲንቀሳቀስ ይቆራረጣል አሉ። ሜታክሪቲክ ያሰባሰበው አማካይ ነጥብ 83 ከመቶ ገደማ ሆነ። ብዙዎቹ በዚሁ መዝገቡን ዘጉ።

ለመሆኑ ያ ባዶ ሜዳ የት ነው? ሂሱዊ የተባለው ምናባዊ አገር የተቀረጸው በሰሜን ጃፓኗ ደሴት በሆካይዶ አምሳል ነው። የሜጂ መንግሥት ይህን ስም ለደሴቲቱ ያወጣላት እ.ኤ.አ. በ1869 ነበር። ከዚያ ወዲያ ሠፋሪ እየጎረፈ፣ አይኑ በመባል የሚታወቀው ነባር ሕዝብ መሬቱንም ቋንቋውንም እያጣ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣው ሕግ «ጥበቃ» የሚል ስም ይዞ አይኑዎችን ገበሬና ጃፓናዊ ለማድረግ ያለመ ነበር። በሕግ ነባር ሕዝብ ተብለው የታወቁት በ2019 ነው።

ጨዋታው የአይኑን ስም አያነሳም። ታሪኩ ግን ከሌላ አገር መጥቶ መንደር የቆረቆረ ቡድን አለው፤ ከእሱ በፊት የነበሩ ሁለት ጎሳዎችም አሉት። ተጫዋቹ ለመጤው ቡድን ተቀጥሮ የአገሩን ፍጡራን ይመዘግባል። ባስመዘገበ መጠን ገንዘብ ይከፈለዋል፣ ማዕረጉ ያድጋል፣ ማዕረጉ ሲያድግ አዲስ መሬት ይከፈትለታል። ቆጠራው ራሱ የመስፋፋት ቁልፍ ነው ማለት ነው! ያ ሁሉ የተመሰገነ አድብቶ የመያዝ ደስታ የሚያገለግለው ይህን ሥራ ነው።

እንግዲህ ቅርጽና ይዘት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። «ሜዳው ባዶ ነው» ያለው ሐያሲ ትክክል አይቷል፤ ግን የማሽን ድክመት ብሎ አለፈው። ምክንያቱ የማሽን ድክመት ቢሆንም እንኳ፣ ተመልካቹ ፊት የሚቆመው ሥዕል ያው ነው። አገርን ባዶ አድርጎ ማየት የሠፋሪ ዓይን ነው። ሰው የሌለበት መሬት ቀማኛ የለውምና።

ፍርድ ላለማዛባት ግን፣ ጨዋታው ጭፍን አይደለም። ጎሳዎቹ ፍጡራኑን ያከብራሉ እንጂ አይቆጥሩም። ሰማዩ ሲቀላ ደግሞ የመንደሩ አለቃ ያገለገለውን ተጫዋች «መጤ ነህ» በሚል ጥርጣሬ ያባርረዋል። መጤዎቹ ራሳቸው መጤን ሲያባርሩ! ይኸ ክር ቢጎተት ብዙ ይወጣው ነበር፤ ሁሉም በእርቅ ሲያልቅ ግን የመሬቱ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ይህን ያነሱ ጸሐፊዎች አልጠፉም፤ ነገር ግን የሠፋሪ ታሪክ በነጥብ መስጫው ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም።

ተከታዩ «ፖኬሞን ሌጀንድስ፦ ዚ-ኤ» በጥቅምት 2025 ሲወጣም ያው ሚዛን ተመለሰ። ታሪኩ እንደገና ስለሚገነባ ከተማ ነው፤ ወቀሳው ግን የሕንፃዎቹ ግድግዳ ሥዕል ልሙጥ ነው በሚለው ላይ በረታ።

ሥዕሉ አይተች አንልም። የምንለው፣ ሐያሲ እንደዚያ በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን አይለፍ ነው። ሳሩ ደብዝዟል ካልን፣ ሳሩ የበቀለው በማን መሬት ላይ እንደሆነም እንጠይቅ።