ታህት የሌለው ቁጥር፦ «ዘ ቢግ ይር» ፊልም ሲመዘን

አንድ ወፍ ለማየት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ዘ ቢግ ይር» ፊልም ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች መልሳቸው «ወፉ እስካለበት ድረስ» ነው። ጨዋታው ቀላል ነው፦ በአንድ የፈረንጆች ዓመት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብዙ የወፍ ዝርያ ያየ ወይም የሰማ ያሸንፋል። ዳኛ የለም። ቃላችሁ ይታመናል።

ስቲቭ ማርቲን ሥራውን ለመተው የሚታገል የኩባንያ ኃላፊ፣ ጃክ ብላክ ሥራው የሰለቸው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ኦወን ዊልሰን ደግሞ የ732 ዝርያ ክብረ ወሰኑን ላለማስነጠቅ ትዳሩን ሳይቀር አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ሆነው ይሠራሉ። መነሻው የማርክ ኦብማሲክ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በእውን የተካሄደ ፉክክርን ይተርካል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ወፍ ፈላጊን መሳለቂያ አያደርግም። ጃክ ብላክ ከአባቱ ጋር በበረዷማ ጫካ ጉጉት ሲፈልግ ስታዩ፣ ሰው ለምን ለወፍ ብሎ እንደሚንከራተት ያለ ማብራሪያ ይገባችኋል።

ግን እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ውሎዬ ከሴንሰርና ከልኬት ጋር ነው። መጨረሻ ላይ 755 የሚለው የአሸናፊው ቁጥር ሲመጣ «በስንት ሰዓት ፍለጋ?» አልኩ። ክፍልፋይ ስንማር ላዕልና ታህት ነበር አይደል? ፊልሙ የሚሰጠን ላዕሉን ብቻ ነው። አንድ ሰው አምና 650፣ ዘንድሮ 700 ዝርያ ቢያይ፣ ወፍ በዝቶ ነው ወይስ እሱ አውሮፕላን አብዝቶ?

አቱ ደሴትን ውሰዱ። ተወዳዳሪዎቹ የሚሄዱባት ይህች ደሴት የአላስካ ምዕራባዊ ጫፍ ናት፤ ለሩሲያ በጣም ትቀርባለች። ከእስያ የሚሰደዱ ወፎችን ማዕበል ገፍቶ እዚያ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ማዕበል የበዛበት ዓመት የተመልካቹን ዝርዝር ያስረዝማል፤ በዓለም ላይ ግን አንድም ወፍ አልጨመረም!

መፍትሔው እኮ ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢበርድ ከወፎቹ ስም ሌላ መቼ እንደጀመራችሁ፣ ምን ያህል እንደቆያችሁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ፣ የለያችሁትን ዝርያ በሙሉ መዝግባችሁ እንደሆነም ይጠይቃል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ወሳኝ ናት፤ «አልነበረም» የሚለውን መረጃ የምታስገኘው እሷ ነች።

«አልነበረም» ምን ይጠቅማል? ወደ አገራችን ልምጣ። ግራጫና ነጭ፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው፣ ፈረንጆቹ «ቡሽ ክሮው» የሚሉት ወፍ በዓለም ላይ የሚኖረው ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ያቤሎና መጋ አካባቢ ብቻ ነው። ብዙ የውጭ ወፍ ተመልካቾች እሱን ዝርዝራቸው ላይ ለመጨመር ያን ሁሉ መንገድ ይመጣሉ። ምልክት አድርገው፣ ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ።

ተመራማሪዎች ግን «ለምን እዚህ ብቻ?» ብለው ጠየቁ። ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ቁጥቋጦ ለዓይን ያው ነው፤ ወፉ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት መልሱ ሙቀት መሆኑን አመለከተ፤ የሚኖርበት ቦታ በሞቃት ምድር የተከበበ ቀዝቀዝ ያለ ደሴት ነው። የዚህ ደሴት ድንበር የሚሰመረው ወፉ ካለበት ብቻ ሳይሆን ከሌለበትም ጭምር ነው። ምድር እየሞቀች ከሄደች ደግሞ ወፉ የሚሸሽበት ጠባብ ነው። ይህን 755 አይነግራችሁም።

ለማንኛውም ፊልሙን እዩት፤ ትስቃላችሁ። ከዚያ ግን ደብተር ይዛችሁ ግቢያችሁ ውስጥ 15 ደቂቃ ቁሙ። ሰዓቱንና ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ። ምንም ካላያችሁ «ምንም» ብላችሁ ጻፉ። እሱም መረጃ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬትም አይጠይቅም።