አሮጌ ላንድክሩዘር ለሚጠግኑ እጆች

ከ500,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ዛሬም ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ባየሁ ቁጥር መካኒኩን አመሰግናለሁ። የመኪናው ጥንካሬ አይካድም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው። ችላ ሲሉት ግን ይቀየማል። ታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ሳይቀየር ቀርቶ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሞተር ማውረድ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የፊት እግር ሥራው ነው። ጎበዝ መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብቶ የጎማውን የውስጥ በኩል ያያል። ጥቁር ቅባት ወርዶ ካገኘ በሁለት ጣቱ ያሸዋል። ቀጥኖ ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይቱ ባለቀው ኦይል ሲል አልፎ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ኩሽኔታው ሳይበላ መፈታት አለበት። ፈትቶ በናፍጣ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ከዚያ አዲስ ግሪስ መዳፉ ላይ አድርጎ በሌላኛው በኩል እስኪወጣ ድረስ ኩሽኔታው ውስጥ ይገፋል። የቸኮለ ሰው ይህን ሥራ አይሞክረው።

እነዚህ ባለሙያዎች ባይኖሩ፣ ክትባት ይዘው ገጠር የሚገቡት፣ ምጥ የያዛትን እናት ሆስፒታል የሚያደርሱት ስንቶቹ መኪኖች በየግቢው ሣር በቅሎባቸው ይቀሩ ነበር! በየጊዜው አዲስ ለመግዛትስ አቅሙ የት አለ? እጃችሁ ይባረክ።